«ማን ሰጠሽ?»

መቱ ላይ ከዓመቱ አሥራ ሦስት ወር አሥራ አራቱን ይዘንባል። የአገሩ አዛዥ አዲሱን አዳራሻቸውን ያስመረቁ ዕለት ግን ሰማዩም ዘፈን አምሮት ይሁን እንጃ፣ ጠዋቱን ጥርት አለ። ደጁ ላይ በተጣለው ዳስ ውስጥ ከታጨቀው ሕዝብ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ተራ ይጠብቅ ነበር።

የተጠሩት ሦስት ሴት አዝማሪዎች ናቸው፤ አንዷ ከጎሬ፣ አንዷ ከቡሬ፣ ሦስተኛዋ የእኛ ጎረቤት እትዬ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እትዬ ይበቃል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩባት ጎጆ በአዛዡ መሬት ላይ ናት፤ «ኑሩባት» ያሏቸው የቀድሞው ሹም ነበሩ። አዲሱ አዛዥ ደግሞ ከሦስቱ የበለጠችውን የቤቴ አዝማሪ አደርጋታለሁ፣ ጎጆዋም የእሷ ትሆናለች ብለው አስነገሩ። እትዬ እንግዲህ የዘፈኑት ለገዛ ጣራቸው ነው።

ጨዋታው ሠርግ ነበር። ሦስቱም አንድ አንድ ሰው ሆነው እየዘፈኑ ይጫወታሉ። የቡሬዋ ሙሽራ ሆነች፤ ድምጿ ማር ነው፣ ግን ማር ብቻውን ሲበሉት ያቅለሸልሻል። የጎሬዋ የሙሽራዪቱ እናት ሆና አለቀሰች፣ አስለቀሰችም። እትዬ አማት ሆኑ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው ዳሱን አንድ ጊዜ ገርመም ሲያደርጉት ያገባ ወንድ ሁሉ ጉልበቱን ሰበሰበ። እኩሌታውን በአማርኛ፣ እኩሌታውን በኦሮምኛ እያደረጉ ምራታቸውን ሲያሙ፣ ዳር የቆሙት የገበያ ሴቶች «ገለቶማ» እያሉ እያመሰገኑ እስኪንበረከኩ ሳቁ። የሶር ፏፏቴ እንኳ ያን ዕለት ድምፁን ቀንሷል ብዬ ስንት ዓመት ስምል ኖሬያለሁ።

አዛዡም ሳቁ። ጣታቸውን ወደ እትዬ ቀስረው ለጸሐፊያቸው አንድ ነገር ሹክ አሉት። እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ ግጥም የመስጠቱ ተራ መጣ። ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪ የተሰጠውን ሳያጎድል ተቀብሎ ያዜማል። ስድብም ቢሆን ጥፋቱ የአዝማሪው አይደለም፣ የሰጪው ነው፤ ማነው ሲባልም ሰጪው ብድግ ይላል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። እኔ ያኔ በኢሉባቦር ምድር ከእኔ በላይ ቀልደኛ የለም ባይ ነበርሁ። አዛዡ እንደ ገዳይ በራፋቸው ላይ ያንጠለጠሉትን የጎሽ ጭራ ማን ገድሎ እንዳመጣው ደግሞ የመቱ ውሻ ሳይቀር ያውቃል። ሳቁ አንድ ቢጨመርበት ጎጆዋ የእትዬ ሆነች ማለት ነው ብዬ፣ ከኋላቸው ተጠግቼ «ይቀበሉኝ እትዬ» አልኋቸውና በጆሯቸው ሰጠኋቸው፤

ጎሹን የገደለው ያ ጠመንጃ ያዡ፣
ጭራ የሰቀሉት ጌታዬ አዛዡ።

ዘወር ብለው አዩኝ። አልቀበልም ማለት ሥርዓት ማፍረስ ነው። አዜሙት፤ ያውም አሳምረው። እኔም ቦታዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ዳሱ ሊስቅ አፉን ከፈተ፣ የአዛዡን ፊት አየና መልሶ ገጠመው።

«ማን ሰጠሽ?» አሉ አዛዡ።

ብድግ ማለት የእኔ ፋንታ ነበር። ጭኔ ላይ ግን የወፍጮ ድንጋይ የተጫነብኝ ያህል ሆነ፤ ይህኛው ማጋነን አይደለም። እትዬ ወደ እኔ ዞር አላሉም። አንድ ሰው ተነሥቶ ቀበቶውን አጥብቆ ሊቀመጥ የሚችልበትን ያህል ጊዜ ጠበቁ።

«ከራሴ ነው፣ ጌታዬ» አሉ።

ጎጆዋ ለጎሬዋ ተሰጠች። በሦስተኛው ቀን እትዬ የቡሬን መንገድ ሲጀምሩ ዕቃቸውን ልሸከም ሄድሁ፤ ዕቃ ማለት አንድ ቁርበትና አንድ ድስት ነው። ይቅር ይበሉኝ ለማለት ቀልድ ጀመርሁ፤ ያለ ቀልድ ይቅርታ መጠየቅ አላውቅበትም ነበር። ሳልጨርስ ቁርበቱን ከትከሻዬ ላይ ወሰዱት።

«ግጥሙስ ደኅና ነበር» አሉኝ። «ሰው አጣ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ዘፈን ባለበት ሁሉ ቆሜ ነው የማዳምጠው። ወገቡን ያመዋል ይላሉ። ይበሉ።