ከቆርቆሮው ሥር የከረመው ካርቶን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ማንም በቁጣ ስላልወቀሰኝ ይመስለኛል፣ ሙቀት በጠና ቁጥር ትዝ ይለኛል።

በመምህርነት ሐረር ከተመደብኩ ገና የመጀመሪያ ዓመቴ ነበር። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። እኛ ጋ ዕቃ የሚያበላሸው እርጥበት ስለሆነ፣ ውድ ነገር ሁሉ ከመሬት ርቆ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የሳይንስ መምህር ብሆንም ይህን ልማድ ይዤው መጣሁ። ጥር ላይ የትምህርት ቤታችንን የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል ሳስተካክል፣ ጥግ ላይ መሬት አጠገብ የነበረውን የወባ ፈጣን መመርመሪያ ካርቶን አነሳሁና ከብረት ቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር አስቀመጥኩት። በትልልቅ ፊደል "የወባ መመርመሪያ" ብዬ ጽፌም ለጠፍኩበት። ነርሳችን ሲስተር ሰላማዊት ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ክፍሉ አምሮ ስላገኘችው አመሰገነችኝ።

ግንቦት ላይ አከራዬ አዴ ዘሃራ ታመሙ፤ እዚህ በዕድሜ የገፉ ሴት በአክብሮት አዴ ይባላሉ። በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ ከእኔ ከተከራያቸው በቀር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። የአትክልት ቦታቸውን ለማየት ወባ ወዳለበት ቆላ፣ ኤረር ወርደው ጥቂት ቀን አድረው ነበር። ትኩሳቱ ሲነሳባቸው በባጃጅ ወደ ሲስተር ሰላማዊት ወሰድኳቸው። ጣታቸው ተወጋ፤ ጠበቅን፤ አንድ መስመር ብቻ ወጣ። ወባ የለም ማለት ነው።

"አንተ ቲቸር፣ ወላሂ ወባ ነው" አሉኝ።

"መመርመሪያው እኮ የለም ብሏል፣ አዴ።"

"አቦ! እሱ መች ኤረር ወረደ? የወረድኩት እኔ!"

ሳቅኩ። ከዚያም ተማሪዎቼ ፊት እንደቆምኩ ሁሉ፣ ያቺ አንድ መስመር ከወጣች መመርመሪያው በትክክል ሠርቷል ማለት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ወደ ቤት ተመለስን።

በማግስቱ ማለዳ መነሳት አቃታቸው። ውሃ ሳቀርብላቸው በሟች ባላቸው ስም ጠሩኝ። ከጎረቤት ጋር ተጋግዘን በጠባቡ መንገድ እስከ ጀጎል በር ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው። ደማቸው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወባ ተገኘ። እዚያው ተኝተው መታከም ጀመሩ።

ያን ቀን ከሰዓት ለሲስተር ሰላማዊት ነገርኳት። ቀና ብላ ካርቶኑን አየችና፣ "እዚያ ላይ የሰቀልከው አንተ ነህ?" አለች።

"እኔ ነኝ።"

አወረደችው። እኔ የለጠፍኩትን ወረቀት በጥፍሯ ስትልጠው፣ ከሥሩ የቴርሞሜትር ሥዕልና "30" የሚል ቁጥር ወጣ። ከዚያ ሙቀት በላይ አታስቀምጡ ማለት ነው። ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር አምጥቼ ለካሁ። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሠላሳ ዘጠኝ፤ ካርቶኑ ቀድሞ የነበረበት ጥግ ሃያ ስድስት።

"መስመሯ ግን ወጥታ ነበር እኮ" አልኩ።

"መስመሯ የምትነግርህ ፈሳሹ በመመርመሪያው ላይ እስከ ጫፍ መሄዱን ነው። ወባውን ለይቶ የሚይዘው ክፍል በሙቀት ቢደክምም እሷ ልትወጣ ትችላለች።" ቀጥላም፣ ጥፋቱ የሙቀቱ ይሁን የሌላ ነገር በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ነገረችኝ። እኔም እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ካርቶኑን ግን እንዲቀየር ወደመጣበት ጤና ጣቢያ መለሰችው።

አዴ ዘሃራ ድነው ቤታቸው ሲገቡ ሁሉንም ነገርኳቸው። መድኃኒታቸውን ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ፣ ዝቅ ብላ በተሠራች መደርደሪያ እያስገቡ አዳመጡኝ። እጄን ከትቼ ነካሁት፤ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር።

"ታዲያ ምልክቱን ለምን ሸፈንከው?"

"እንዲያምር ብዬ ነው፣ አዴ።"

ለአፍታ አዩኝ። "አምሮ ነበር?"

"በጣም።"

ሳቃቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ግን እንደሳቸው መሳቅ አልቻልኩም። በሟች ባላቸው ስም የጠሩኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። ዛሬም ማስረዳት እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሰው "ሰውነቴን አውቀዋለሁ" ሲለኝ ማስረዳቴን አቁሜ እጠይቃለሁ። አዲሱ ካርቶን ጥጉ ላይ ነው፤ ቴርሞሜትሩም አጠገቡ ተሰቅሏል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አነብበዋለሁ።