«ታዝዘህ ነው»

ፈንታውን ማናደድ የፈለገ ሰው ብዙ መድከም የለበትም፤ «ምን ታደርግ፣ ታዝዘህ ነው» ይበለው። ሽንኩርት የሚያጠጣበትን ጎማ ወርውሮ ይነሳበታል።

የራያ ሮቢት ገበሬ ልጅ ነው። ቆቦ ተምሮ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ አየር ኃይል መለመለው፤ ደብረ ዘይት ሠለጠነ፣ ሩስያ ደርሶ መጣ፣ ቦምብ ጣይ ሚግ አበረረ። የሰፈሩ ሰው ከሰማይ ድምፅ በሰማ ቁጥር «የኛ ልጅ ነው» እያለ ይኩራራ ነበር። በደርግ ዘመን ጦርነቱ ሲፋፋም አንድ ቀን «ጠላት ተሰብስቧል» ብለው ላኩት። ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ግመልና ፍየል አየ። ገበያ መሆኑን የራያ ልጅ አይስተውም። ቦምቡን ጣለው። ሲያርፍ አዛዡ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ማዕረግም ጨመሩለት። ያን ትከሻውን እስከ ዛሬ ይጠላዋል። መንግሥት ሲወድቅ ታሰረ፣ ተፈታ፣ አገሩ ገብቶ ሽንኩርት ተከለ።

ዘንድሮ በዋጃ መንገድ ካለው ሾላ ሥር ሽማግሌዎች ደም ሊያደርቁ ተቀመጡ። ወጉ የታወቀ ነው፤ ገዳይ መሣሪያውን መሬት አኑሮ በሟች ዘመዶች ፊት «እገሌን ገደልኩ» ብሎ ስም ይጠራል። ስም ካልተጠራ እርቅ የለም። የተጣሉት ሁለት ቤተሰቦች ታርቀው ሲያበቁ ፈንታው ተነሳ።

«እኔንም አስታርቁኝ።»

«የማን ደም አለብህ?» አሉ የሽማግሌዎቹ አውራ ሸህ ሙህሲን።

«ገበያ ላይ የጨረስኳቸው ሰዎች። ስማቸውን አላውቅም።»

ሸሁ አዘኑለት። «ሻምበል፣ ያ የመንግሥት ሥራ ነው። አንተ ታዝዘህ ነው። ስም የሌለው ደም እንዴት አድርገን እናደርቃለን? ተቀመጥ።»

«ገበያ መሆኑን አይቻለሁ!» ጮኸ ፈንታው። «አይቼ ነው የጣልኩት! እናንተን አልበደልኩ፣ ምን ብላችሁ ነው የምትምሩኝ?»

ከሴቶቹ መሀል ጀዊሪያ ተነሳች። የጎብዬ ነጋዴ ናት፤ ሽንኩርቱን ዓመት ከዓመት የምትረከበው እሷ ናት። ከ«እርስዎ» በቀር ብላው አታውቅም።

«የቱ ገበያ ነው?»

ነገራት።

«እናቴ እዚያ ፍየል ልትሸጥ ወርዳ ቀረች» አለች። «የቀበርነው ሻሿን ነው። አውሮፕላን ነው የገደላት ሲሉኝ ማንን ልጥላ? ሰማዩን?»

ሸህ ሙህሲን እጃቸውን አነሱ። «ልጄ፣ እንግዲህ እርቁ...»

«እርቅ ከአፌ አልወጣም!» ወደ ፈንታው ዞረች። «ቶይባ ትባላለች። በል አንተ፣ ጥራት።»

ፈንታው ፊቷ ቆመ። «ቶይባን ገደልኩ።»

«ድገመው» አለች ጀዊሪያ። «ሸሁም ይስሙ።»