በአባቴ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ታዛቢ

የመኪና ውድድር ሲባል ለሰው የሚታዩት ጎን ለጎን የሚበሩ መኪኖች ናቸው። የእኛ እንደዚያ አይደለም። አንድ በአንድ ነው የምንነዳው፤ የምንሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየሞች ጀርባ፣ አስፋልቱ አልቆ ቤቶቹ ሳይሠሩ የቀሩበት አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ባለቤቶቹ ፈቅደውልን፣ ወረዳውም አውቆልን፣ በወር አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እዚያ እንሰበሰባለን። ከቦሌ የሚመጣ አለ፣ ከሲኤምሲ የሚመጣ አለ፤ እኔ የምመጣው ከመገናኛ ነው። በሾፌርነት እንጀራ የሚበላ አንድም የለም፤ ሁላችንም ሰኞ ወደየሥራችን የምንመለስ ሰዎች ነን።

ሰዓት አጣልቶን አያውቅም። የሚያጣላን ምድብ ነው። የቤት መኪና ምድብ የሚባለው ከፋብሪካ እንደወጣች ላለች መኪና ነው፤ ሞተሯ ትንሽ፣ ወንበሯ ሙሉ፣ ምንም ያልተጨመረባት፣ ምንም ያልተቀየረባት። አንድ ነገሯ የተነካካ እንደሆነ ወደ ክፍት ምድብ ትሄዳለች። እዚያ ያሉት ደግሞ ግማሽ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ያሳለፉ፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚያስደነግጥ ጉዶች ናቸው። ምስኪን የቤት መኪና ከእነሱ ጋር ተመደበች ማለት መጨረሻ ወጣች ማለት ነው።

ታዲያ ማን ምን እንደነካካ በምን ይታወቃል? ሞተር እንፍታ ብንል እሁዱ ያልቃል። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ያንተ ተነካክቷል»፣ «አይ፣ የተነካካው ያንተ ነው» ስንባባል ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሊደባደቡ ሲሉ ሰብሳቢያችን መላ ዘየዱ። ሰብሳቢያችን በሙያቸው የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ዶክተር እንላቸዋለን። የሰው አፍ ተከፍቶ ካልታየ እንደማይታመን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

መላው ይህ ነው። ዕጣ ያገናኛቸው ሁለት የአንድ ምድብ ሰዎች እርስ በርስ ይታዘባሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ሄልሜት አጥልቆ፣ ቀበቶ አስሮ አጠገቡ ይቀመጣል። ሲመለሱ ታዛቢው ትኩሱ ኮፈን ላይ እጁን ጭኖ «የምድቡ ናት ወይስ አይደለችም?» ተብሎ ይጠየቃል። ናት ካለ ሰዓቱ ይጸድቃል። አይደለችም ካለ ግን ምኗ እንደተነካካ ማሳየት አለበት፤ ማሳየት ካቃተው የራሱ ሰዓት ይሰረዛል። ታዛቢ የሌለው ሰውም ሰዓት የለውም። ሕጉ ለተዋደዱ ሰዎች ጨዋታ ነው፤ ለተኳረፉ ግን መከራ ነው።

እኔና ወንድሜ ደግሞ ተኳርፈናል።

አባታችን ሲሞት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሁሉንም ነገር እኩል አካፈሉን። ለሁለት የማትከፈለው መኪናዋ ብቻ ነበረች፤ አሮጌ ነጭ ዲኤክስ፣ አባዬ እንደ ልጅ ያሳደጋት። በመጨረሻ ያስታመምኩት እኔ ስለነበርኩ ለእኔ ፈረዱልኝ። ወንድሜ ያን ጊዜ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «እሷ ምን ታደርጋታለች? ሸራ አልብሳ ልታቆማት ነው» አለ። ይህ ንግግሩ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ በኋላ የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ሆነ፤ እዚያም አንገት ሰበር አድርገን ሰላምታ ሰጥተን ዞር ነው። ቆይቶ እሱም ልክ እንደሷ ያለች ዲኤክስ ፈልጎ መግዛቱንና እዚህ ማኅበር መግባቱን ሰማሁ። እልህ ነው ብዬ ተረጎምኩት። እኔም በእልህ ተመዘገብኩ።

የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በአባዬ መኪና፣ በአንድ ምድብ፣ ምንም አፍ በማያስከፍት ሁኔታ እሱን መብለጥ። ሸራ እንዳላለበስኳት በዓይኑ እንዲያይ።

የዚያን እሁድ ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዶክተሩ ባርኔጣ ውስጥ የተጠቀለለውን ወረቀት አንስቼ ስፈታው የወጣው የእሱ መኪና ቁጥር ነው። ሰዉ ሁሉ ነገራችንን ስለሚያውቅ ወደ እኛ ዞረ።

«ዝምድና ስላላችሁ ዕጣው ቢደገም ቅር አይለኝም» አሉ ዶክተሩ።

«እኔ ምን ቸገረኝ» አለ ወንድሜ፣ ጓንቱን እያየ።

«እኔም አልቸገረኝም» አልኩ። ሄልሜቴን አነሳሁ።

መጀመሪያ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ለዓመታት እዚያ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ፣ የተሰነጠቀው መስታወት መያዣ ላይ፣ የአባዬ እጅ የበላው የማርሽ እጀታ ላይ ዞረ። ምን ያስባል ብዬ ሳይሆን ምን ያገኝብኛል ብዬ ነበር የማየው። የማስነሻው ባንዲራ ሲወርድ ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁና ተፈናጠርን።

መንገዱ ከጥበቃው ቤት ተነስቶ በኮኖች መካከል ይጠማዘዛል፣ ጅምሮቹን ሕንፃዎች ዞሮ ዳገት ይወጣል፣ ጫፉ ላይ በርሜል አለ፤ በርሜሉን ዞሮ ቁልቁል መመለስ ነው። ኮኖቹን አንዱንም ሳልነካ አለፍኩ። ሕንፃዎቹ ጋ ስደርስ መሪው እጄ ውስጥ ትንሽ አመለጠኝ፤ መለስኩት። ዳገቱ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ገባሁ፤ መኪናዋም እንደ ልማዷ ደረቷን ነፍታ ጎተተችው። ሰው ሁሉ የሚያቃስትበት ዳገት ለእኔ ሁልጊዜ ሜዳ ነው። እዚያ ላይ በጎን ሰረቅ አድርጌ ሳየው፣ ወንድሜ መንገዱን አያይም። እግሬን ነው የሚያየው፤ ከዚያም ጆሮውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

ላቤ በሄልሜቱ ስር ወረደ። በርሜሉን ዞሬ ቁልቁል ስለቃት ሞተሯ ጮኸ።

«አራተኛ ላይ ነሽ?» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«ታዲያ ስንተኛ ላይ ልሁን? ከዚህ በላይ የላትም!» ብዬ ጮህኩበት።

መጨረሻውን መስመር አልፌ ፍሬን ስይዝ ሰዓት ያዦቹ እየዘለሉ ነበር። ከምድቡ እስካሁን ከተያዘው ሰዓት ሁሉ ፈጣኑ ሆኗል፤ የወንድሜን የባለፈውንም ጥሎታል። ከመኪናዋ ወርጄ ጣራዋን ሳምኩት። እውነቴን ነው፣ ሳምኩት። ከአባቴ ሞት ጀምሮ ያልለቀቀኝ ንዴት ያን ደቂቃ ለቀቀኝ።

ዶክተሩ መጡ። ወንድሜ ሄልሜቱን አውልቆ እጁን ኮፈኑ ላይ ጫነ።

«የምድቡ ናት ወይስ አይደለችም?»

ኮፈኑ እያቃጠለው እጁን አላነሳም። ሰው ሁሉ ከበበን። እኔ በልቤ «ናት በል፣ ናት በል» እላለሁ።

«አይደለችም» አለ።

ደሜ ፈላ። ቀናተኛ አልኩት። ድሮም ዓይንህ እሷ ላይ ነው አልኩት። አባዬ ሞቶ እንኳ አላረፈም፣ አንተ ምን ዓይነት ልጅ ነህ አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያን ሁሉ ሰው ፊት የተናገርኩትን መመለስ አልተቻለኝም። የእሱ አንገት ቀላ፤ ሲናደድ አባዬም እንደዚያ ነበር።

«ምኗ ነው የተነካካው?» አሉ ዶክተሩ።

«ዲፈረንሻሏ፣ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስ፣ ተቀይሯል። የፒካፕ ነው» አለ ወደ መሬት እያየ። «ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ዳገት ላይ ይጎትታል፤ ሜዳ ላይ ግን ቶሎ ያስጮሃታል።»

«ውሸት ነው!» አልኩ።

ዶክተሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አዩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኛ ግን እዚህ ማደር አንችልም። ክሪክ አምጡ» አሉ።

ሁለቱን መኪኖች ጎን ለጎን አቆሙና የኋላ ጎማዎቻቸውን ከመሬት አነሱ። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ተደረገ፤ ከሞተሩ ወደ ኋላ በሚሄደው ረጅም ብረት ላይም ሌላ ምልክት። ነገሩ ቀላል ነው። ጎማው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ብረቱ ስንት እንደዞረ ይታያል። በቅድሚያ የወንድሜ ተለካ። ከዚያ የእኔ። እኔ ራሴ ልብሴ ይበላሽ ሳልል መኪናዋ ስር ተንጋልዬ ገባሁ፤ ማንንም አላመንኩም። ሁለት ሰዎች ጎማዎቹን ቀስ ብለው አዞሩ። የእሱ መኪና ብረት ያቆመበት ቦታ ላይ የእኔ አላቆመም። ተጨማሪ ከግማሽ ዙር በላይ ሄደ፤ ወንድሜ እንዳለው የጭነት ነበር።

እዚያው ተንጋልዬ ትንሽ ቆየሁ። መውጣት አሳፈረኝ።

የኔ ሞኝነት ሌላ መኪና ነድቼ አለማወቄ ነው። መንዳት የተማርኩት በሷ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ጀምሮ የያዝኩትም እሷን። ዲኤክስ ሁሉ እንደዚህ የሚጎትት ይመስለኝ ነበር። ዳገት ላይ ሰው ስበልጥ ደግሞ በእጄ፣ በአባዬ ልጅነቴ ይመስለኝ ነበር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት እኔን ነው።

ስወጣ ወንድሜ ብቻውን ቆሞ ነበር። «በምን አወቅህ?» አልኩት።

«ሲቀየር ነበርኩ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ ውስጥ። እማዬ ስትታመም እንጦጦ ጠበል እናመላልሳት ነበር፤ መኪናዋ ዳገቱን እምቢ አለች። አባዬ ከተገለበጠ ፒካፕ ላይ አስፈትቶ አስገጠመላት። ረስቼው ነበር፤ ዛሬ ዳገቱ ላይ ስትጎትት ነው ትዝ ያለኝ።»

«ስለ ጠበሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ አናገርሽኝ?»

እናቴ ስትሞት ትንሽ ነበርኩ፤ ከሕመሟ የማስታውሰው የለኝም። ስለ ጠበሉም ማንም አጫውቶኝ አያውቅም።

ዶክተሩ ሰዓቴን ወደ ክፍት ምድብ አዛወሩት። መጨረሻ ሆንኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው «አሁን የእሱ ተራ ነው፤ ታዛቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ረስቼዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ከመኪናዋ ስር ሆኜ እያሰብኩት ነበር። ቁልፌን አንስቼ ወደ ቤቴ ብሄድ ወንድሜ የዛሬው ሰዓት አይኖረውም። ማንም አይፈርድብኝም፤ ተናዳ ሄደች ይሉኛል እንጂ። ቁልፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ። እሱ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን አስሯል። የጎኑን በር ከፍቶ ትቶታል፤ ነይ አይልም፣ ሂጂ አይልም። ሰው ሁሉ ያየኛል። አንድ እግሬን ወደ ራሴ መኪና እንደ ማንሳት ብዬ ነበር። ከዚያ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ተነሳን። ሜዳው ላይ በደንብ ይነዳል፤ ከእኔ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። ኮኖቹን አለፍን፣ ሕንፃዎቹን ዞርን። ዳገቱ መጣ። በሦስተኛ ሞከረ፤ መኪናዋ አንገቷን ደፋች። ወደ ሁለተኛ መለሳት። ሞተሩ እያቃሰተ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ፍጥነቱ እየወረደ እየወረደ ሄደ። ሳላውቀው ከወገቤ በላይ ወደ ፊት ተስቤ ልገፋት ፈለግሁ። የማውቀው መኪና፣ ያው ወንበር፣ ያው መስኮት፣ ግን ጉልበት የሌላት። ከኋላ ወንበር ላይ የታመመ ሰው ቢኖር ብዬ አሰብኩና ዓይኔ እንባ ሞላ። ሄልሜት ስለነበረ አልታየሁም።

እንደምንም በርሜሉን ዞረን ተመለስን። እጄን ኮፈኑ ላይ ጫንኩ። ያቃጥላል።

«የምድቡ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ናት» አልኩ። ሰዓቱ ከኔ ብዙ ይዘገያል፤ በምድቡ ግን አንደኛ ወጣ። ጥቂቶች አጨበጨቡ። እሱ ፈገግ አላለም።

ሰዉ ሲበተን መኪናው ጋ ሄድኩ። ምን እንደምለው አላሰብኩም ነበር።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እማዬን እንደዚህ እያቃሰተች ነበር የምታወጣት?»

«የት ትወጣለች። ግማሽ መንገድ ላይ ትቆም ነበር። አባዬ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ወርጄ ከኋላ እገፋለሁ፣ እስከ ላይ።»

«እኔስ? እኔ የት ነበርኩ?»

«አንቺማ ውስጥ ነሽ፤ እማዬ ጭን ላይ ተኝተሽ። አባዬ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ‹ቀስ ብለህ ግፋ፣ እንዳትነቃብን› ይለኝ ነበር።»