ኤደን የምታረፍድበት ምክንያት

መምህር ያረጋል ካርቱም የገባው ሊኖርባት ብሎ አልነበረም። ደንበጫ አጠገብ ሒሳብ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ደመወዙ ከወር ወር አላደርስ ሲለው፣ እንደ እኩዮቹ በሊቢያ በኩል ባሕር ሊሻገር ተነሣ። በረሃው ላይ የጫነቻቸው ፒክአፕ ተገለበጠችና ሦስት ጓደኞቹን አሸዋ ውስጥ ቀብሮ ወደ ካርቱም ተመለሰ። ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ ወንዙ ዳር ባሉት የጡብ ምድጃዎች ሁለት ዓመት ጡብ ተሸከመ። በኋላ የሐበሻ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንደምትፈልግ ሰማ፤ የጡቡን አቧራ አራግፎ ጠመኔ ያዘ። የሱዳን አብዮት ሲመጣ ስምንት ዓመት አስተምሮ ነበር።

ከማስተማሩ ሌላ የበሩ ኃላፊም እሱ ነበር። ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ይዘጋዋል። ያረፈደ ተማሪ ግቢውን ይጠርጋል፤ ክፍል የሚገባው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የጡብ ሥራ ላይ ዘግይቶ የመጣ ሰው የቀን ክፍያ እንደማያገኝ በራሱ አይቶታል፤ ለልጆቹም የሚበጃቸው ይህ መሰለው።

አሮጌው መንግሥት ከወረደ በኋላ፣ የረመዳን ጾም ሊፈታ ሲል፣ ወታደሮች በከተማው ሰው ገደሉ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ወታደሮቹና ተቃዋሚዎቹ ስምምነት ተፈራርመው ትምህርት እንደገና ሲጀመር ሁሉም ያለፈውን ረስቶ ወደ ሥራው የተመለሰ ይመስል ነበር።

ኤደን ግን በየቀኑ ማርፈድ ጀመረች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ድሮ ከሁሉም ቀድማ የምትመጣ ልጅ። አሥራ አንድ ቀን በተከታታይ አርፍዳ መጣች፤ አሥራ አንድ ቀን ቃል ሳትተነፍስ ጠረገች።

«ቤታችሁ ከዚህ አሥር ደቂቃ አይሞላም እኮ» አላት ያረጋል።

«አውቃለሁ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

መጥረጊያውን አነሣች። እናቷን ይዛ እንድትመጣ አዘዛት። በማግሥቱ ጭራሽ ቀረች። ሦስት ቀን ስትቀር፣ ዓርብ ዕለት እሱ ራሱ ቤታቸው ሄደ። እናቷ በቀለች ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ሰው ቤት እየሠራች ማታ የምትገባ ሴት ናት፤ ዓርብን ብቻ ታርፋለች። የሰማችውን ማመን አቃታት።

«መምህር፣ እንዴት ትቀራለች? በየቀኑ ጧት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ትወጣለች። እኔ ራሴ ነኝ በሩን የምከፍትላት።»

ኤደን ጥግ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ያረጋል የዚያን ዕለት ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ፊቷን ሲያይ ሐሳቡን ለወጠ። «እሑድ ጧት መጥቼ አብረን እንሄዳለን» ብሎ ብቻ ወጣ።

እሑድ፣ በሱዳን የትምህርት ሳምንት የሚጀምርበት ቀን፣ አብረው ተነሡ። ወደ ዘለጡ፣ ወደ ዋናው አስፋልት ሲታጠፍ ልጅቷ ቆመች።

«በዚያ አልሄድም ቲቸር።»

ሊጎትታት ይችል ነበር። «እሺ፣ አንቺ በምትሄጂበት ምሪኝ» አላት።

መራችው። በወንዙ ዳር፣ በጡብ ምድጃዎቹ መሐል፣ በመቃብሩ ጀርባ፣ ከዚያ ገበያውን ዞረው። ሰዓቱን አየ፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀባቸው። ምድጃዎቹ ጋ ሲደርሱ ሳይጠይቃት ነገረችው። ወታደሮቹ ሰው የገደሉ ቀን ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ነበር። አስፋልቱ ላይ ተኩስ ሲነሣ ከቆመ መኪና ሥር ገባች። አንድ ወጣት ፊት ለፊቷ ወደቀ፤ እስከ ቀትር አልተነሣም። ቤት ስትገባ እናቷ አቅፋት አለቀሰችና ዳግመኛ አላነሡትም።

ያረጋል እርምጃውን ከእርምጃዋ ጋር አስተካከለ። «እኔም ፒክአፕ ላይ አልወጣም» አላት። «አሥር ዓመት ሆነኝ። መምህራኑ ይስቁብኛል፤ በእግሬ መሄድ የምወድ ይመስላቸዋል።»

ኤደን ቀና ብላ አየችው።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ጎን ዘምዘም የምትባል ሱዳናዊት ነርስ ትኖራለች። በአብዮቱ ጊዜ ብዙ የተደናገጠ ሰው አይታለች። ያረጋል ሄዶ በዓረብኛ አስረዳት።

«ያ ኡስታዝ፣ አንተ መምህር፣ ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ሰውነቷ ነው ያ ቀን ያላለፈለት» አለችው። «ጎትታችሁ ብታሻግሯት ይብስባታል፤ ቤት ብታስቀሯትም ይብስባታል። ሹዋያ ሹዋያ፣ ቀስ በቀስ ይሁን። ዛሬ እስከቻለችበት፣ ነገ ትንሽ ጨምራ። ልመለስ ካለች ትመለስ።»

ያረጋል በየጧቱ ከኤደን ጋር ሊሄድ ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ንጋቱ «አንተ ከልጅ ጋር ስትዞር በሩን ማን ይዘጋል?» አሉ።

«ክፍት ይሁን።»

እንደማይዋጥላቸው እያጉረመረሙ ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቀን ወደ አስፋልቱ በሚወስደው መንገድ ጎማ ጠጋኙ ደጅ ድረስ ሄደው ተመለሱ። በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ ቤቱን አለፉ። አንድ ቀን አስፋልቱ ዳር እንደቆሙ የሪክሻ፣ የባጃጅ፣ ጭስ ማውጫ እንደ ጥይት ጮኸ። ኤደን ግድግዳው ሥር ተኮማተረች፤ ትንፋሿ አጠረ። ያረጋል ምን እንደሚደረግ አላወቀም፤ የሚያውቀው ሒሳብ ነው።

«ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነስሽ ቁጠሪልኝ።»

«ዘጠና ሦስት… ሰማንያ ስድስት… ሰባ ዘጠኝ…»

ሰባ ሁለት ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ተመለሰ። የዚያን ቀን አልተሻገሩም። በሦስተኛው ሳምንት እጅጌውን ይዛ ተሻገረች፤ ከዚያ ሳትይዘው።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ ያረጋል እንደ ልማዱ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አልመጣችም። ወደ ቤታቸው ሮጠ፤ በሩ ተቆልፏል። ክፉ ክፉው እየታሰበው፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ትምህርት ቤት ደረሰ። ኤደን ክፍል ውስጥ ከጓደኛዋ ከሐመልማል ጋር የፉል ሳንድዊች እየበላች ነበር።

«ውይ ቲቸር፣ ጠበቁኝ እንዴ?»

«በየት መጣሽ?»

«በዘለጡ። ከሐመልማል ጋር ወሬ ይዘን… መሻገሬን ያወቅሁት ከተሻገርኩ በኋላ ነው።»

ያረጋል ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሊቆጣ ፈለገ፤ ሳቁ ቀደመው። ልጆቹም ምክንያቱን ሳያውቁ አብረውት ሳቁ።

ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ያረፈደ ልጅ መጥረጊያ አይሰጠውም፤ ምን እንዳገኘው ይጠየቃል። ዘምዘም ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ልታዳምጥ ግቢው ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር መቀመጥ ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ልጆች መጡ፤ በወሩ መጨረሻ አሥራ አራት። ከመካከላቸው ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚሄድም ነበር፤ ማንም ተናገር አላለውም።

በቀለች አንድ ዓርብ ያረጋልን ምሳ ጠራችው። ስለ ልጇ ብዙ ልትጠይቀው አስባ ነበር፤ ግን ኤደን ከደጅ ሆና ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጨቃጨቅ ድምፅዋ ጎልቶ ይሰማ ነበርና፣ ጥያቄውን ትታ ወጡን ጨመረችለት።