ከአሰንዳቦ ማዶ የተቀበለኝ ትከሻ

ስለ ጦር ሜዳ ንገረን ስትሉኝ ከኮረብታው እንድጀምር ትጠብቃላችሁ። እኔ ግን የምጀምረው ከጅማ መንገድ ነው። መጀመሪያ የቆሰልነው እዚያ ነው፤ ገና ጠላት የሚባል ነገር ሳናይ።

ወደ ሰሜን እንድንንቀሳቀስ የታዘዝነው በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ቡና በሚያብብበት ወር ነበር። ረፋድ ላይ ከጅማ ወጣን። እኔ እዚያው ጅማ፣ የሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ ከመዝመቴ በፊት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ካሚዮኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ተማም፣ የሊሙ ገነት ልጅ፣ ከማሰልጠኛ ጀምሮ አንድ ብርድ ልብስ የተሻማን ጓደኛዬ ነው። ከእሱ ቀጥሎ እምሩ፣ ከእምሩ ቀጥሎ አብዱ፣ ጫፍ ላይ አስር አለቃችን። ተማም መንገዱን ሙሉ ስለ አባቱ የቡና ማሳ ሲያወራ እምሩ፣ ይሄ ሰውዬ ጠላትን በወሬ ነው የሚፈጀው እያለ ያሾፍበታል፤ እኛም እንስቃለን።

አሰንዳቦን አልፈን ቁልቁለት ጀመርን። ዝናብ መንገዱን አላቁጦታል። የኛ ካሚዮን የኮንቮዩ መጨረሻ ነው። የኋላ ጎማው ከጠርዙ ተንሸራተተ። «ያዙ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የማስታውሰው ጭቃ ውስጥ መሆኔን ነው።

ስነሳ ካሚዮኑ በጎኑ ተጋድሞ መንገዱን ዘግቶታል። ሾፌሩ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀርቷል። የጎን ሳንቃው፣ እኛ ስፖንዳ የምንለው፣ የተማምን እግር ከጉልበቱ በታች ተጭኖታል። አልጮኸም፤ ስሜን ብቻ ደጋግሞ ይጠራል። ትከሻችንን አስገብተን ገፋን። ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ከመንገድ ዳሩ የቡና ማሳ ውስጥ ገበሬዎች ወጡ። ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ግንድ ቆርጠው ስፖንዳው ስር አስገቡና ሁሉም ተንጠለጠሉበት፤ እግሩ ወጣ። እምሩ በቀበቶው ጭኑን አሰረለት። ገበሬዎቹ የቡና ጆንያ ቂጡን ቀደው ሁለት እንጨት አሳለፉበትና ቃሬዛ አደረጉት። መንገዱ ስለተዘጋ ሐኪም ወዳለበት ወደ አሰንዳቦ የሚያደርሰው ትከሻ ብቻ ነበር።

አራት ሆነን አነሳነው። የዚያ አገር ሰው ቃሬዛ አይቶ አያልፍም። ገበያ የሚሄደው ሸክሙን መንገድ ዳር ጥሎ ይሮጣል፤ የደከመውን ይተካል፤ አቅሙ እስከፈቀደ ሄዶ ለሌላው ያስረክባል። ይሄ ወታደር ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው ብሎ የጠየቀን አልነበረም።

ብዙም ሳንርቅ ወደፊት ከሄዱት ካሚዮኖች አንዱ ሊወስደን ተመልሶ ከወደቀው ካሚዮን ማዶ ቆመ። አስር አለቃው መራመድ የሚችል ሁሉ እንዲሳፈር አዘዘ። እንዳልሰማ ሆንኩ። በስሜ ጠራኝ። ይሄኔ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጎኔ መጥተው እጃቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

«ናፍ ኬኒ» አሉኝ። በኦሮምኛ ለኔ ስጠኝ ማለታቸው ነው።

ሰጠኋቸው። ተማም እጅጌዬን ያዘኝ።

«ቦታዬ ላይ ሰው እንዳታስቀምጥ» አለኝ።

እያለቀስኩ ሳቅሁ። ይተርፋል ብዬ አላሰብኩም።

ጦርነቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰሜን ውስጥ አንዲት ራሰ በራ ኮረብታ ያዝን። ምሽግ ቆፈርን። ጎህ ሲቀድ መጡብን፤ መለስናቸው። እንደገና መጡ። አብዱ ምሽጉ ውስጥ ቀረ። አስር አለቃው ወደ መትረየሱ ሲሮጥ ወደቀ። ከቀትር በኋላ እንድናፈገፍግ ታዘዝን። እምሩ ሆዱን ተመትቶ ነበር። በጀርባዬ አዝዬው ወረድኩ። ቁልቁለቱን ሙሉ ዞር እያልኩ አያለሁ፤ ሸክሙን ጥሎ የሚሮጥልኝ ሰው እጠብቅ ነበር። ማንም አልመጣም። እምሩ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ሞተ።

ከዚያ ወዲያ የናፈቀኝ ቤቴ ብቻ አልነበረም። ያ ጭቃ መንገድ ናፈቀኝ፤ የቡናው አበባ ሽታና የሽማግሌው እጅ ናፈቀኝ። አሁንም ይናፍቀኛል።

ደርግ ሲወድቅ መንገድ ላይ እየለመንኩ ጅማ ገባሁ። ሊሙ ገነት ለመሄድ ግን ድፍረት ያገኘሁት ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። የተማምን መቃብር ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። ሰፈሩ ውስጥ ያገኘኋት ሴት ግን ቡና እያሰጣ ነው አለችኝ።

ደጁ ላይ በአንድ እግሩና በምርኩዙ ቆሞ ቡናውን ያገላብጣል። ሮጬ አቀፍኩት። «አልሃምዱሊላህ» እያለ ጀርባዬን ይመታል። እኛ ስንሄድ እሱ በመቅረቱ ሲቆጭ እንደኖረ ነገረኝ። ከዚያ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ካሚዮኑ ላይ በተቀመጥንበት ተራ ይጠይቀኝ ጀመር።

«እምሩስ?»

የለም አልኩት። «ነፍስ ይማር» አለ።

«አብዱስ?»

የለም አልኩት። «ኢና ሊላሂ» አለ።

ስለ አስር አለቃውም ጠየቀኝ፤ እሱም የለም አልኩት። እዚያች የካሚዮን አግዳሚ ላይ ከተቀመጥነው አምስት ሰዎች ሦስቱ ሞተዋል፤ ከሾፌሩ ጋር አራት። የቀረነው እኔና እሱ ነን።

እምሩን እንዴት እንዳወረድኩት እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለተማም ጀመርኩለት፤ ቁልቁለቱ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ምርኩዙን መሬት አስቀምጦ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«ናፍ ኬኒ» አለኝ።

የቀረውን ነገርኩት።