መርጫው ከግድግዳ ሲወርድ

ጎረቤቴ ጋሽ አበጋዝ ሠላሳ ዓመት በቆቦ ሜዳ ማሽላ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጩ ኖረው፣ የማይለቅ ሳል ይዘው ጡረታ ወጡ። ያን ዕለት መርጫቸውን ግድግዳ ላይ ሰቀሉና «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ጠብታ መርዝ አይፈስም» አሉ።

ግቢው ውስጥ አንዲት ኤሊ ያሳድጉ ነበር። ጉንዳን እንዳይወርራት የተረፋትን ምግብ ሳይመሽ ያነሳሉ፤ የምትተኛበትን ጭድ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፤ ከአጥሩ ውጭ ባለው የጉንዳን ጉድጓድ ላይ የፈላ ውኃ ይደፋሉ። መዥገር ካዩባትም በወረንጦ ይነቅሉላታል።

ባለፈው ሰኔ ለሳላቸው ሕክምና ወልድያ ሲሄዱ፣ ኤሊዋን ለታናሽ እኅታቸው ለትርንጎ፣ እዚያው ግቢያቸው እየመጣች እንድትጠብቅላቸው ሰጧት። ሥራውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳይተው፣ «የተባይ መድኃኒት እንዳታስነኪያት፣ አደራ!» አሏት።

«ማርያምን፣ አላስነካትም ጋሼ!» ስትል እኔው ራሴ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በሳምንቱ ሲመለሱ፣ ገና በሩ ላይ ያ የሚያውቁት ሽታ ተቀበላቸው። ኤሊዋ አንገቷን ሰብስባ ሞታ ደርቃለች። ለካ ትርንጎ ከኤሊዋ የተረፈውን የፓፓያ ልጣጭ ማንሳት ታክቷት፣ ጉንዳኑ ሲወርር ለማሽላዋ የገዛችውን መድኃኒት በእሳቸው መርጫ ረጭታለች! ልጣጭ ማንሳት አቅቷት!

«ለአንዲት ኤሊ ብለው ነው እኔን የሚያኮርፉኝ?» ብላም ተቆጣች።

ጋሽ አበጋዝ ግድግዳውን አዩ። መርጫውን አጥባ፣ ወልውላ ቦታው መልሳዋለች። ልጣጩን ግን እስካሁን አላነሳችም፤ ጉንዳኑም ተመልሶ ተሰልፎበታል።