ያልተለኩ ጨረቃዎች

ባነሩ ከሲቀላ ማተሚያ ቤት ሲመጣ ላዩ ላይ ያለችው ፕላኔት ቀለበትና ሁለት ጨረቃ ነበራት። እኔ በላክሁት ንድፍ ላይ አንዳቸውም አልነበሩም።

ከቆላማው ሲቀላ ሽቅብ ባለው ነፋሻ ሰፈር፣ ሴቻ ውስጥ፣ ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ከተማሪዎቼ ጋር የመረጥነው ሌላ ኮከብ የምትዞር ግዙፍ የጋዝ ፕላኔት ነው። እዚያ ዓመቱ ሦስት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ሙቀቷ ከሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል።

«ቲቸር፣ ከሲቀላም ትሞቃለች?» ብላ አንዷ ተማሪዬ ክፍሉን በሙሉ አስቃዋለች።

ፕላኔቷን ግን ፎቶ ያነሳት የለም። መኖሯ የታወቀው በኮከቡ ፊት ባለፈች ቁጥር ብርሃኑ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ ነው። ለማተሚያ ቤቱ የላክሁትም ይህንኑ የሚያሳይ፣ መሃሉ ላይ ጎድጎድ ያለ መስመርና አንድ ጥቁር ክብ ነበር።

የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ባነሩን ደስ ብሏቸው ዘረጉት።

«እኔ ነኝ ደውዬ ያስጨመርኩት። ባዶ ነበር እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ጋሼ፣ ጨረቃ እንዳላት የለካ የለም።»

«ማን ሄዶ ሊያይብን ነው?» ብለው ሳቁ። «ዳኞች የሚያምር ነገር ይወዳሉ። ያሸነፈ ክልል ይሄዳል፤ ልጆቹን አስቢ እንጂ!»

ልጆቹን አሰብኩ። ባለፈው ወር ቴርሞሜትሩን ሳያዩ የሙቀት ልክ ለጻፉ ሁለት ልጆች ዜሮ ሰጥቻቸው ነበር።

በኤግዚቢሽኑ ዕለት በጠዋት ሄጄ ቀለበቱንና ጨረቃዎቹን በነጭ ወረቀት ሸፈንኳቸው። በላዩም «አልተለካም» ብዬ ጻፍኩ።

ከዳኞቹ አንዱ መጥተው ቆሙ። «ይሄ የተሸፈነው ምንድን ነው?»

«የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» አሉ ኃላፊያችን ፈጠን ብለው።

«ስህተት አይደለም፤ እኛ ነን የጨመርነው» አልኩ። ድምፄ ግን ጎልቶ አልወጣም።

«ከፍ አድርገሽ ተናገሪ፣ አልሰማሁሽም» አሉ ዳኛው።

«እኛ ነን የጨመርነው! ከራሳችን ፈጥረን ነው።»

ዳኛው ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አድርገው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ።

ክልል የሄዱት ሌሎች ናቸው። ልጆቹ አዘኑ። እኔም አዘንኩ፤ አልተጸጸትኩም ግን። ኃላፊያችን ለሁለት ሳምንት ሰላም ስላቸው በአገጫቸው ብቻ ይመልሱልኝ ነበር።

ባነሩን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። በቀደም ኃላፊያችን ገብተው ትንሽ አዩትና፣ «አሁን እንኳ ውድድር የለም። ወረቀቱን አንሺውና ግድግዳው ይመርበት» አሉኝ።

«አይነሳም፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ የወረቀቱን የላላ ጥግም ፊታቸው በፕላስተር አጠበቅኩት።